ደረቁ ወንዝ በአራት ሳጥን

የእንግሊዝኛ መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቃል አደሉን። የቃሉን ትርጉም ከመዝገበ ቃላት አንብበን፣ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለሚለጠፈው መስቀለኛ ቃላት አጭር ፍንጭ መጻፍ ነበረብን። ለእኔ «ዋዲ» ደረሰኝ፤ በእንግሊዝኛ አራት ሳጥን ይይዛል። እንግሊዝኛው ከዐረብኛ የወሰደው ቃል ስለሆነ እናቴ ታውቀዋለች፤ ስነግራት ሳቀችብኝ።

«ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው? ደቻቱ ወርደሽ እኔ ያለሁበትን ብታዪ ይበቃሽ ነበር።»

እናቴ ከተማችንን ድሬን በሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ቲማቲም ትሸጣለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ላይ ያገኘኋቸው መዝገበ ቃላት ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ ከዝናብ ወቅት በቀር ደረቅ የሆነ የወንዝ መውረጃ። «ሲዘንብ ብቻ የሚሞላ ወንዝ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። መልሼ ያንኑ ጻፍኩ። መምህሩ ሰኞ የእኔን ከፍ አድርገው እንዲያነቡት እፈልግ ነበር። ተነሳሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ወደ ደጅ ወጣሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በተራራው በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል።

ስልኬ ጮኸ። ተራራው ላይ ደንገጎ ያለችው አክስቴ ናት።

«እዚህ ዶፍ ነው። እናትሽ ስልክ አታነሳም።»

ክረምት ሲመጣ የእናቴ ጠባቂ አክስቴ ናት። ላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ ትደውላለች፣ እናቴም ዕቃዋን ታነሳለች። ድሬ ላይ አንድ ጠብታ ላይወርድ ይችላል፤ ጎርፉ ግን ይመጣል። ደጋግሜ ደወልኩላት። ይጠራል፣ አይነሳም። ባጃጅ ይዤ ወረድኩ፤ ሹፌሩ ቶሎ ንዳ ባልኩት ቁጥር ወደ ፀሐይዋ እያየ የምን ጎርፍ ነው ይለኝ ነበር።

እናቴ ከአንዲት ደንበኛ ጋር እየተከራከረች አገኘኋት። ስልኳ ከማዳበሪያ ከረጢቱ ሥር ተቀብሯል። አክስቴ ደውላለች ስላት ቀና ብላ ተራራውን አየች።

«አብሽሪ፣ ምንም አይደል፣ ይህችን ልሸኛትና።»

የቲማቲሙን ሣጥን ከእጇ ነጠቅኩት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም፤ ለጎረቤቶቿ በኦሮምኛም በሶማልኛም እየተጣራች ከኋላዬ ወጣች። አንድ ሣጥን ቲማቲም ቀረ። ድልድዩ ላይ ቆመን ትንፋሻችንን ሳንሰበስብ ቡናማው ውሃ ቅርንጫፍና ፌስታል እያንከባለለ መጣ። የቀረውን ሣጥን ሲያነሳው አየነው። እኛ ላይ ፀሐይ ነው።

እናቴ እጄን ጨበጠች። «ይኸው የቤት ሥራሽ» አለችኝ።

ማታ የቀድሞውን ፍንጭ አጠፋሁና «ዝናቡ ሌላ ቦታ የሚዘንብለት ወንዝ» ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ከመዝገበ ቃላቱ ጋር አይገጥምም ይሉኝ ይሆናል። የእናቴን ስልክ አንስቼ የጥሪ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት፣ ከዚያም ይሰማ እንደሆነ ለማረጋገጥ ከሌላው ክፍል ደወልኩ።