የላስቲክ ጣራ

ከክፉው ቀን በኋላ ባለው በልግ ነው። እኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበርሁ፤ ከገነተ ማርያም በላይ ባለች መንደር ከባሌና ከእናቱ፣ ከአማቴ ጋር እኖር ነበር። ከረሃቡ የተረፈችልን አንዲት ላም ብቻ ናት። ሣር በጠፋ ጊዜ አማቴ የቤታቸውን ክዳን እየመዘዙ አብልተው ነው ያተረፏት። አሁን ከብዳ ነበር፤ ተስፋችን ሁሉ ሆዷ ውስጥ ነበረ።

ከመንደሩ በታች ባለው ሜዳ ላይ የእርዳታ እህል ሲታደል ከርሟል። ሰዎቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ሲሄዱ ላስቲኩ ቀረ፤ የተቀዳደደ ሸራ፣ ዱቄትና ጨው የነበረበት መያዣ፣ ነፋስ እያነሳ እሾህ ላይ የሚሰቅለው ቁርጥራጭ። ማንም በክፉ አላየውም። እኛም ለቅመን ሊጥ ከደንንበት፣ ዝናብ ተከለልንበት። ላሟ ደግሞ ጨው ጨው የሚለውን እየላሰች ስትውጠው ኖሯል። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

መጀመሪያ ማመንዠክ ተወች፤ ከዚያ ሆዷ ተነፋ። አማቴ ተልባ በጥብጠው አጠጧት፣ ጠበል ረጩባት። አንድ ማለዳ በረት ስንገባ ሞታ አገኘናት። ያልታረደ በክት ነውና ከዚያ ሁሉ ረሃብ በኋላ እንኳ ሥጋዋን የሚነካ አልነበረም። ባሌ ቆዳው ይትረፍ ብሎ ሲገፍፋት ሆዷን ከፈተው፤ እንደ ገመድ የተጎነጎነ ላስቲክ ቢመዘው ቢመዘው አላልቅ አለ። ጥጃውንም አወጣው። ጠጉር አብቅሎ ነበር። አማቴ ፊታቸውን አዞሩ።

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት በሬ እንደዚያው ሲሆን መንደሩ ተሰብስቦ ሜዳውን ለቀመ። ማቃጠል ተጀምሮ ጢሱ አላስቆም ስላለ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። አማቴ ከቤትም አስወጡት፤ ሊጡ እንደ ድሮው በሰፌድ ተከደነ፣ እህሉም ወደ ስልቻው ተመለሰ። ያን ጊዜ የያዘኝ ልማድ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም ገበያ የምወጣው ዘንቢል ይዤ ነው።

አንድ ላስቲክ ግን ቀረ። ከተከዜ በኩል ተሰዳ የመጣች፣ ባሏን መንገድ ላይ የቀበረች ሴት ከሕፃን ልጇ ጋር ሜዳው ዳር ጎጆ ቀልሳ ነበር። ጣራው ላስቲክ ነው፤ ነፋሱ ጠርዙን እየገነጠለ ይበትነዋል። ጎረቤቶች መፍረስ አለበት ብለው ወረዱ፤ እኔና አማቴም አብረን ወረድን።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ «እማማ፣ ከብቶቹ የናንተ ናቸው፤ ይቺ ደግሞ የኔ ናት። ዝናቡ ሲመጣ ምን ላልብሳት?» አለቻቸው።

አማቴ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ሌላ ጣራ ሳንሰጣት የያዘችውን አንነካም» አሉ።

ለክዳን የሚሆን ሣር በአካባቢያችን አልነበረም። ጓሳ የሚገኘው ከላይ ከተራራው ነው፤ እሱም ያለ ሽማግሌዎች ፈቃድ አይታጨድም። ሽማግሌዎቹ ፈቀዱ። ባሌና ጓደኞቹ ወጥተው አጭደው በትከሻቸው አወረዱት። እኛ ከጎጆዋ አጠገብ ለሚቆመው ቤት ድንጋይና ጭቃ አቀበልን፤ እሷም ልጇን አዝላ ጭቃ ስታቦካ ትውል ነበር። ስትስቅ ያየኋት ያን ሰሞን ብቻ ነው። ክዳኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጨው ልግዛ ብላ ወደ ላሊበላ ገበያ ወጣች።

አልተመለሰችም። ካድሬዎች ገበያውን ከበው ለሰፈራ ሰው ሲያፍሱ እሷንም ከነልጇ መኪና ላይ እንደጫኗት ገበያተኞች ነገሩን። ባሌ እየሮጠ ሄደ። ሲደርስ መኪኖቹ ወጥተዋል።

አማቴ ቤቱ ይጨረስ አሉ፤ ትመጣ ይሆናል ብለው። ተከድኖ አለቀ። ላስቲኩን ባሌ ከጎጆዋ አውርዶ ቀበረው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሰፈራው ጠፍቶ ወደ አገሩ ወደ ሙጃ የሚመለስ ሰው እኛ ቤት አደረ። ሴትዮዋን ያውቃታል። ሕፃኗን ቆላ በገቡ ሰሞን ወባ እንደገደላት ነገረን። አማቴ እናቲቱስ ብለው ጠየቁት።

«አለች» አላቸው። «ትሠራለች። ሰው ግን አታናግርም።»

አማቴ ተነስተው መኝታውን አነጠፉለት።