ወለሉ ገና አልደረቀም

ኔስታን ግትር ናት የሚሏት አሉ። ግትር ብቻ ብትሆን ኖሮማ በማን ዕድሌ። እኔ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ነኝ፣ እሷ የሴቶቹ ማደሪያ ኃላፊ ናት። ጎደሬ ስልጥ ስውል በመስኮት የማየው እሷን ስለሆነ፣ የሷን ነገር ከኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ኔስታ ትምህርቷን የጣለችው ስድስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ክፍል ውስጥ ቀሚሷ ተበላሸ፣ ልጆቹ ሳቁባት፣ ተነስታ በእግሯ መንደሯ ገባች፤ በዚያው ቀረች። ምን እንደደረሰባት የነገራት ሰው የለም። እናቷ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ሰጥታ "ዝም በይ" አለቻት፣ አለቀ። ያቺን "ዝም በይ" ኔስታ እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም።

ለዚህ ነው ማደሪያው በእጇ ከገባ ጀምሮ፣ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጃገረዶቹን ከወጥ ቤቴ ጀርባ የምትሰበስባቸው። የወር አበባ እርግማን እንዳልሆነ፣ በሽታም እንዳልሆነ፣ ከየት መጥቶ ለምን እንደሚወርድ ዓይኗን በጨው ታጥባ ትነግራቸዋለች። መጀመሪያ ላይ እኔ ራሴ አፍሬ መስኮቴን ዘግቼ ነበር። በኋላ ግን በጆሮዬ ብዙ ነገር ገባ፤ ለካ አምስት ልጅ ወልጄም አላውቅም ነበር። ሞዴስ እንደሆነ እዚህ እኛ ደሴት፣ ማላይታ፣ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰሞን ይገኛል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። ስለዚህ ከአሮጌ ፎጣ መስፋት አስተማረቻቸው። የታጠበውን ጨርቅ ፍራሽ ስር እየደበቁ፣ ሳይደርቅ እየታጠቁ፣ ሲያሳክካቸው የሚከርሙ ልጆች ነበሩ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብላ ፀሐይ ላይ ገመድ ዘረጋችላቸው። ግን ወንድ በሴት ልብስ ስር ማለፍ የለበትምና፣ ገመዱን በኮኮናት ቅጠል አጥር ዙሪያውን ከለለችው። ኔስታ ባህል አትንቅም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

አምና ባለ ፎቅ መማሪያ ቤት ተሠራልን። ዳይሬክተራችን ካሩቬ ከምዕራቦቹ ደሴቶች የመጣ ሰው ነው፤ ደግ ነው፣ የእኛን የማላይታን ነገር ግን አያውቅም። ነፋሻማ ነው ብሎ ትልልቆቹን ተማሪዎች ፎቅ አወጣቸው፣ ትንንሾቹን ምድር ቤት አደረጋቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሴት ከወንድ ራስ በላይ አትሆንም፤ በአበባዋ ሰሞን ከሆነማ አይነሳ። ከስር የነበረው ወንድ ወባ ቢጥለው፣ ከዛፍ ቢወድቅ፣ ጣት የሚጠቆመው እሷ ላይ ነው። ሌላው ቢቀር ራሷ በራሷ ላይ ትጠቁማለች። ከዚያ ወዲያ ልጃገረዶቹ በየወሩ መጥፋት ጀመሩ። ካሩቬ ስንፍና መስሎት ይቆጣል፣ እነሱ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ የሚነግረው የለም።

ዓመቱ አለቀና የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ደረሰ። እሱን ያላለፈ ወይ ወደ እርሻ ነው ወይ ወደ ትዳር። ከሴቶቹ ሁሉ ጎበዟ ሎሪታ ናት፤ ይቺ ልጅ እዚህ ከቀረችማ ማን ሊያልፍ ነው እንላለን። ታላቅ ወንድሟ ሀንሰን እዚሁ መምህር ነው፤ የሚያስተምረው ደግሞ ምድር ቤት፣ ልክ ከፈተናው ክፍል ስር።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ሩዝ ጥጄ ቆሜያለሁ። ሎሪታ ቦርሳዋን አንግታ መጣች፣ ኔስታ ከኔ ጋ ነበረች።

"አክስቴ፣ መጣብኝ" አለቻት፤ ልጆቹ ሁሉ ኔስታን አክስቴ ነው የሚሏት።

"ጨርቅ አልያዝሽም?"

"ይዣለሁ። እሱ አይደለም። ሀንሰን ከስር ነው።"

ኔስታ እንደ ከተማ ሰው "ተይ ይኼ የድሮ ወሬ ነው" አላለቻትም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ በርጩማዬ ላይ አስቀመጠችውና "እዚያ የዳቦ ፍሬው ዛፍ ስር ጠብቂኝ፤ መንደር የሚባል ነገር እንዳታስቢ" ብላ ወደ ካሩቬ ሄደች። እኔም ወሬ አይለፈኝ ብዬ ተከተልኩ።

ካሩቬ ሰምቶ አፈረ። ወረቀቱ ታሽጎ የመጣው ለፎቁ ክፍል ነው፣ ፈተናውን ማውረድ አልችልም አለ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "ትውጣ እንጂ፤ ማን ያውቅባታል?" አለ።

"እሷ ታውቃለቻ" አለች ኔስታ።

እንግዲያው ሀንሰን ልጆቹን ይዞ ይውጣ ብዬ እነግረዋለሁ ሲል ኔስታ ደነገጠች። ምን ብሎ ነው የሚነግረው? ወንድም የእህቱ አበባ በጆሮው ከገባ ነውር ነው፤ ክብሬ ተነካ ብሎ ካሳ ቢጠይቅ ሽማግሌ ሁሉ የሚፈርድለት ለሱ ነው። ሎሪታም ያን ቀን ፈተና ሳይሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ነው የምትመርጥ። ኔስታ ወጣች። ወጥ ቤቴ ገብታ የሩዝ ማጠቢያ ባልዲዬን አነሳች፣ ከጋኑ ቀዳች፣ ቀጥ ብላ ምድር ቤት ገባች።

ሀንሰን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቀን እየጻፈ ነበር። ቆፍጣና ነው፤ ሲስቅ ያየው ሰው የለም። ኔስታ ከበሩ ጀምራ ውሃውን ወለሉ ላይ ደፋችው። ልጆቹ እግራቸውን አነሱ።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ወለሉ ቆሽሿል።"

"ትናንት ታጥቧል እኮ።"

"አልጠራም። ልጆቹን ይዘህ ውጣልኝ።"

"በፈተና ቀን?"

"በፈተና ቀን" አለችው፤ ዓይኗን ከዓይኑ አላነሳችም።

ከላይ የፈተናው ወንበሮች ሲንፏቀቁ ይሰማል። ሀንሰን ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ከዚያ በመስኮት ዛፉ ስር ጀርባዋን ሰጥታ የቆመችውን እህቱን አየ። ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ። ልጆቹን አስከትሎ በጓሮ በር ወጣ። ኔስታ በሩን ዘግታ ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ ወንድ የተባለ፣ ድመትም ቢሆን፣ አላስገባም የምትል ትመስላለች። ሎሪታ ደረጃውን ወጣች።

ማታ ሀንሰን በአጠገባችን ሲያልፍ ሰላም አላለንም። እራቱንም አልበላም። በቃ ሽማግሌ ሊሰበስብ ነው፣ አለቀልን አልኩ። ኔስታ ልቧ እንደፈራ አየሁት፤ ያልተቀደደ ፎጣ ትሰፋ ነበር። ፈተናው ነገም አለ፤ ነገስ ምን ልትይው ነው አልኳት። "ወለሉ ቆሽሿል እለዋለሁ" አለችኝ።

በማግስቱ ፈተናው ይቀጥላል። ኔስታ ባልዲዋን ሞልታ ስትወጣ እኔም እሳቴን ትቼ ከኋላዋ አለሁ። ምድር ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ሐይቅ ሆኗል። አግዳሚዎቹ በሙሉ ወጥተው ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ማዶ ተደርድረዋል፣ ልጆቹ ተቀምጠዋል። ሀንሰን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ እግሩ ጭቃ በጭቃ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ግንዱ ላይ ያስደገፈው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ባልዲ ይዞ አያውቅም፤ ውሃ የሴት ሥራ ነው ባይ ነው።

"ወለሉ ገና አልደረቀም" አለ፣ ሳይዞር። "ፈተናው እስኪያልቅም የሚደርቅ አይመስለኝም።"

"አይደርቅም" አለች ኔስታ።

ባልዲዋን ዛፉ ስር ደፍታ ገለበጠችውና ላዩ ላይ ተቀመጠች። ሎሪታ እስክሪብቶዋን ይዛ ከማደሪያው መጣች፤ እርጥቡን ወለል አየችው፣ የወንድሟን ጭቃማ እግር አየችው። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።