በወደቡ የቀረብኝ ጉርሻ

የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ «የት ልብላ?» የሚል ሰው ሲመጣ ወደ እኔ ነው የሚመሩት። ምግብ ቤት ወጥ እሠራለሁ፤ ግን የምሠራበትን ቤት ብቻ አላሞግስም። ክትፎ ለሚወድ ማዶ ያለውን፣ ለጾመኛ ጥጉ ላይ ያለውን እነግረዋለሁ። ታናሽ እህቴ ዲቪ ደርሷት ስትመጣም የት ምን እንደሚበላ ያሳየኋት እኔ ነኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ዛሬስ የት ነው እቴቴ?» ትለኛለች። እኔ እመርጣለሁ፣ እሷ ትከተላለች። ከዚያ በላይ ምን ደስታ አለ?

ኋላ ፓሳዴና ውስጥ አረጋውያን የመንከባከብ ሥራ ጀመረች። እዚያ ከአንዲት የወሎ ልጅ ጋር ተዋወቀች። ልጅቷ መኪና አላት፤ ሳቋ ደግሞ ከመንገድ ማዶ ይሰማል።

አንድ እሑድ እህቴ ዌስት አዳምስ ወዳለው ቤታችን ስትገባ ነጭ ሽንኩርትና ባሕር ባሕር ትሸታለች።

«የት በላሽ?»

«ሳን ፔድሮ፣ ወደቡ ጋ። ዓሣ። እቴቴ፣ ብታዪው!»

ብታዪው! እዚህ ከተማ ስኖር ስንት ዘመኔ ነው፤ ያንን ወደብ የማውቀው ግን በፍሪዌይ ሳልፍ ከሩቅ በሚታዩት ክሬኖች ብቻ ነበር። እኔ ሳላሳያት የምታውቀው ምግብ ቤት አለ ማለት ነው!

በሚቀጥለው እሑድም ሄዱ። ከዚያ በኋላም። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ልጅቷ እኛ ምግብ ቤት ስትመጣ የጾም በያይነቱ ብቻ ነው የምትበላው፤ ሙስሊም ስለሆነች የክርስቲያን ሥጋ አትነካም። ዓሣ ግን ማን አረደው አይባልም፤ ሁለቱ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ይገባኛል። ይገባኛል እንጂ አይዋጥልኝም።

በመጨረሻ እህቴ «ነይ አብረን እንሂድ» አለችኝ። ለመብላት ሳይሆን ለመታዘብ ሄድኩ። እህቴ ከፊት፣ ከጓደኛዋ ጎን ተቀመጠች። እኔ ከኋላ፣ ትምህርት ቤት እንደሚወሰድ ልጅ።

«ተመቸሽ እቴቴ?» አለችኝ ሾፌሯ በመስታወቱ እያየችኝ።

እቴቴ! እንዲህ ብላ የምትጠራኝ እህቴ ብቻ ናት።

«ተመችቶኛል የኔ እናት» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

መኪናዋን ፓርክ አደረገችና ገባን። አበላሉ እንዲህ ነው፦ በረዶ ላይ ከተደረደረው ዓሣ የፈለጉትን በጣት ያሳያሉ፣ ይመዘናል፣ ይጠበሳል፤ ከዚያ ከድንችና ከቃሪያ ጋር ትልቅ ትሪ ላይ ተከምሮ ይመጣል። ደጅ ተቀምጠው መርከቡን እያዩ ነው የሚበላው። እኔ የዓሣውን ዓይን አይቼ ልመርጥ ጠጋ ስል እህቴ ቀድማ «ያንን ቀዩን!» አለች። ጓደኛዋ ደግሞ ሽሪምፕ ጨመረችበትና ሎሚ እንዲበዛ በስፓኒሽ አዘዘች። እኔን የጠየቀ የለም። እኔን፣ ወጥ ሠሪዋን!

ትሪው ሲቀመጥ ሚጥሚጣዬን ላወጣ እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰደድኩ።

«አብሽሪ እቴቴ፣ እኛም አለን» ብላ የወሎዋ ልጅ አንድ ብልቃጥ አወጣች።

ብልቃጡን አወቅኩት። ክዳኑ ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር እንኳ አልተነሳም። ለእህቴ ብዬ፣ እያስነጠሰኝ በእጄ የወቀጥኩት ሚጥሚጣ ነው!

«እንዴት እንደሚጣፍጥ፣ ወላሂ!» ትለኛለች፣ የኔኑ ለኔ።

«ማን ሠርቶት ነው?» አልኩ እህቴን እያየሁ።

«አንቺ ነሻ!» አለች እህቴ። አፏ ሞልቷል፤ ምንም አልመሰላትም።

ከዚያ ጉርሻ መጣ። እህቴ አጥንቱን ለቅማ፣ ሎሚ ጨምቃ፣ ሚጥሚጣ ነካ አድርጋ መጀመሪያ ያጎረሰችው ማንን ነው? ሾፌሯን። «ነድታ ደክሟታል» አለች። እሺ። ደገመቻት። እሺ። ከዚያ ለእኔ አንድ አጎረሰችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ይጣፍጣል፤ ቆዳው እንደ ብስኩት ይንኮሻኮሻል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ነውና፣ ሁለተኛውን ልቀበል አፌን ከፍቼ ጠበቅኩ። እጇ ገና መንገድ ላይ ሳለ አንድ ነጭ የባሕር ወፍ ከብረት አጥሩ ላይ ተነስቶ ጉርሻዬን ከጣቷ ላፍ!

ሁለቱ በሳቅ ሞቱ። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

«ድገሚያት እንጂ፣ ልትጣሉ ነው!» አለች ጓደኛዋ እንባዋን እየጠረገች።

እህቴ ትሪውን ብታይ ዓሣው አልቋል። የቀረው ሽሪምፕ ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ በሃይማኖቴ አልበላም።

«በቃ፣ ሌላ ቀን» አለች።

ሌላ ቀን! ለጓደኛዋ ሁለት፣ ለእኔ አንድ፣ ለወፉ አንድ። ከወፍ እኩል ሆንኩ እኮ!

ስንመለስ ፍሪዌዩ ተጨናንቆ ነበር። እነሱ ከፊት ይሳሳቃሉ፤ እኔ በመስኮት አያለሁ። አድርሳን «ቻው እቴቴ!» ስትለኝ «በሰላም ግቢ» ያልኩት ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። እህቴ ኩሽና ገባች። ፍሪጁ ሲከፈት፣ ማይክሮዌቩ ሲጮኽ ሰማሁ። የትናንቱን ሽሮ በእንጀራ ጠቅልላ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ክፈቺ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«እቴቴ፣ ክፈቺ! ዓይንሽ መንገዱን ሙሉ ማጅራቴን ሲያቃጥለኝ ነው የመጣው። አንዱ ያጣላል።»

ከፈትኩ። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ጉንጬ ተነፋ፣ ዓይኔ ውሃ ሞላ። ሽሮው ስለፋጀኝ ነው እንበል።

«ከወደቡ ይበልጣል አይደል?» አልኳት አፌ እንደሞላ።

«ኧረ ዓሣውስ ዓሣ ነው!» ብላኝ ሸሸች።

አሁን ዓሣ የት እንደሚበላ ለሚጠይቀኝ መልስ አለኝ። ሳን ፔድሮ ውረዱ፤ ቀዩን ምረጡ፤ ሎሚ አብዙ፤ ከብረት አጥሩ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ጉርሻ ከያዛችሁ ደግሞ በሌላው እጃችሁ ከልሉት፣ ወፉ ሌባ ነው። «ማን አሳየሽ?» ሲሉኝ «እህቴ» እላለሁ። መኪናውን ማን እንደነዳው እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላነሳም።