በፎጣ የተሸፈነው ትሪ

ለተሥላሴ መጀመሪያ ትሪውን ትወለውላለች። ከዚያ ቁልፍ፣ ማንኪያ፣ ሻማ፣ መቀስ፣ ማበጠሪያና ሌላም ዕቃ ሳታነካካ ትደረድርና ፎጣ ታለብሳለች። ሰው ፊቷ ሲቀመጥ ፎጣውን ገልጣ ታሳያለች፤ መልሳ ትሸፍንና «ምን ምን አዩ?» ትላለች። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረው ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ፣ ማለትም ሰው እንዴት እንደሚያስብና እንደሚያስታውስ የሚያጠና ትምህርት ነው፤ የመመረቂያ ጥናቷም አረጋውያን እንዴት እንደሚያስታውሱ ነው።

ጥናቱ የተበላሸው ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ጋፋት መንደር ነው። እዚያ የጠየቀቻቸው ሽማግሌ አያ ፈንታሁን «ቁልፍ፣ ሻማ» ብለው ሌላው ሲጠፋቸው ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ከጎን «መቀሱስ?» አሉ።

«እማማ፣ እባክዎ አይንገሯቸው። ብቻቸውን ነው የሚመልሱት።»

«ሰውዬው ሲጨነቅ እያየሁ ዝም ልበል? ፈተና ነው እንዴ?»

«ተያት፣ ልጄ» አሉ አያ ፈንታሁን። «የሰርጋችንን ቀን በልቧ የያዘችው እሷ ናት። እሷ ቁልፍ የት እንደጣለች የማውቀው ደግሞ እኔ።»

ለተሥላሴ በየሄደችበት ቤት እንዲሁ ሆነ፤ አንዱ ሲጠየቅ ሌላው ይመልሳል። እንዲህ ያለ መልስ ለጥናቷ አይሆንም፤ ጥናት ከሌለ ደግሞ ምረቃ የለም። ትሪዋን ታቅፋ ስትመለስ ግን የአያ ፈንታሁን ነገር ከአእምሮዋ አልወጣም። በማግስቱ አማካሪዋ ዘንድ ገብታ ጥያቄዋን ቀየረች፦ አብረው ያረጁ ሰዎች ለየብቻ ከሚያስታውሱት ይልቅ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበልጥ ያስታውሳሉ ወይ? አማካሪዋ ተስማሙ። አሁን የቀራት ጥንድ ጥንድ ሰው ማግኘት ብቻ ነው።

«ለገበያ ወደ ከተማ ስትወጡ ዩኒቨርሲቲው ጋ ጎራ በሉልኝ» ትላለች ለተሥላሴ ያገኘቻቸውን አረጋውያን ሁሉ። «ባልም ይሁን ጎረቤት፣ አብሯችሁ ያረጀውን ሰው ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ ለየብቻ ስጠይቃችሁ ግን፣ እባካችሁ፣ አትነጋገሩብኝ።»