ቀጠሮ ይዘን የሄድንበት ቤት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የቡና ለቀማ ሊጀመር ሲል ነው። ጅማ አጠገብ ባለችው የቡ ከተማ አስተምራለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ለመሄድ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ነገሩ ትዝ እያለኝ እጄ ይከብደኛል።

ጅማ ላይ ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። አስተማሪ፣ ነርስ፣ ፖሊስና የቀበሌ ሠራተኛ ተቀላቅለን፣ አሳዳጊዎቻቸው በመጠጥና በጫት የተጠመዱባቸውን ልጆች እንዴት እንደምንጠብቅ ተማርን። ከምሳ በኋላ ግማሹ ሠልጣኝ ራሱ ጉንጩን ወጥሮ ይገባ እንደነበር አልደብቅም፤ ጅማ ነው እንግዲህ። አሠልጣኟ ግን ጎበዝ ነበረች። የቃመ ሁሉ መጥፎ አባት ነው አላለችም። ልጁን ማን ያበላዋል፣ ሲመሽ የት ይገባል፣ እሱን እዩ አለች። ልጁን ለብቻው አናግሩ፣ የጠቆማችሁን ሰው አታጋልጡ፣ ቤቱንም እንደ ወትሮው ሆኖ እዩት አለችን። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ክፍሌ ውስጥ ሰሚራ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳለች። አባቷ ከማል ቀን ሲቅም ይውልና ማታ ምርቃናውን በመጠጥ ሊሰብር ለጨብሲ አረቄ ቤት ይገባል። ሰክሮ ሲመለስ ያገኘውን ይሰብራል። ያኔ ልጅቷ በጓሮ አጥር ሾልካ ጎረቤታቸው አዴ ዘይነባ ጋ ታድራለች። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው አዴ ዘይነባ ናቸው። እርጅና ተጫጭኗቸዋል፤ እሳቸው ቢሞቱ ልጅቷ የት እንደምትገባ ያስጨንቃቸው ነበር።

ለሙና ነገርኳት። ሙና ቀበሌ የሕፃናት ጉዳይ ላይ ትሠራለች፤ አብረን ነው የሠለጠንነው። ቅዳሜ ልንሄድ ተስማማን። አርብ ማታ ግን ለከማል ደውላ “ነገ ልንዘይርህ እንመጣለን” እንዳለችው ነገረችኝ። ምነው ስላት፣ “ሰው ቤት ሳይነግሩ ዘው ይባላል እንዴ? ነውር አይደል?” አለችኝ።

እኔስ የዚሁ አገር ሰው አይደለሁ? የገዛ እህቴ ቤት እንኳ ሳልደውል አልሄድም።

ከማል ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ በር ላይ ጠበቀን። ቤቱ ተጠርጓል፣ እህቱን አስመጥቶ ዶሮ አሠርቷል። ሰሚራ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ እጃችንን አስታጠበችን። ሰውየው ጨዋታ ያውቃል፤ አሳቀን። ዶሮ አርዶ የተቀበለንን ሰው “ልጅህን ለብቻዋ እናናግራት” ማለት አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት። እሱ ፊት ደህና ናት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አባቷን አየት አደረገችና “አልሐምዱሊላህ” አለች። ስንወጣ ሙና “ሰው እኮ ስም ማጥፋት ይወዳል” አለች። እኔም በግማሽ ልቤ አመንኳት።

ከማል ማን እንደተናገረ ለማወቅ ብዙ አልደከመም። ጓሮውን የሚያይ ቤት የአዴ ዘይነባ ብቻ ነው። ሰሚራ የምትሾልክበትን ቀዳዳ በእንጨትና በእሾህ ደፈነው። ልጄን በዓይንዎ እንዳያዩአት አላቸው።

አዴ ዘይነባ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። አልተቆጡኝም፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

“ማሎ ልጄ፣ እኔ ቤቱን እዩልኝ አልኩ እንጂ ግብዣ ሂዱ አልኩ?” አሉኝ።

ሙና ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ከሥልጠናው ነርስና ፖሊስ ጨምረን፣ ለማንም ሳንናገር ተመልሰን ሄድን። ቤቱ ተቆልፏል። ከማል ልጅቷን ይዞ ቡና ለቀማ ወደ ጎማ ወረዳ ወርዷል አሉን። ጎማ ሄደን ብንጠይቅ ያያቸው የለም። ስልኩ አይሠራም፣ እህቱም አላውቅም ትላለች። ለፖሊስ አመልክተናል፤ እስካሁን አልተገኙም።

ሰሚራ ዛሬ አባቷ ሰክሮ ሲገባ ወዴት እንደምትሸሽ አላውቅም። ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል። ያን ቅዳሜ ነውር የመሰለን ሳይነግሩ መግባት ነበር። ልጅቷን ሳያናግሩ መውጣት ከዚያ የባሰ ነውር መሆኑን ያስተማረን የለም እንዳልል፣ ተምረን ነበር።