ሰዓት ያረመው አራሚ

አራሚው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከኮምፒውተሩ ጋር እየተጣላ ነው። የመልእክት መላላኪያው መስኮት ግርጌ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች፤ ከጎኗ «በመገናኘት ላይ…» የሚል ተጽፏል። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ በመገናኘት ላይ። አራት ሰዓት ሆነ፤ በመገናኘት ላይ።

«ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትገናኘው? ተገናኝና ገላግለኝ እንጂ!» ብሎ ጠረጴዛውን በጡጫ ሲለው የማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየው። እሱ ግን የገዛ ጩኸቱን አይሰማም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከማተሚያው ማሽን አጠገብ ተቀምጦ ሲያርም ማሽኑ ጆሮውን ጨርሶ ወስዶበታል። ንግግሩ አለ፤ የጠፋው ልኩ ነው። ምስጢር ላጫውትህ ብሎ ጠጋ ካለ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ሠራተኞቹ በሌለበት «ድምፅ ማጉያው» የሚሉት ለዚህ ነው።

ሥራው የሰው ስህተት መልቀም ነው። የትኛውም መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በእሱ እጅ ያልፋል፤ የተዘለለች ፊደል፣ ያለቦታዋ የገባች ነጥብ ከቀይ እስክሪብቶው አታመልጥም። ክፋቱ፣ ይህ አመል ከማተሚያ ቤቱ በር ውጭም ይከተለዋል። የፋርማሲ ማስታወቂያ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካየ ገብቶ ይጣላል። አንድ ጊዜ የተላከለትን የሠርግ ጥሪ ከነእርማቱ ለላኪዎቹ መልሷል። ሠርጉ ላይ ምን ፊት እንደጠበቀው አይጠየቅም።

አንዲት ልጅ አለችው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ልጅቷ በያጅ ናት፤ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ብረት ትበይዳለች። ትናንት አመሻሽ ላይ ጻፈችለት። ትልቅ ወንዝ ላይ አዲስ ድልድይ ሊሠራ ነው፤ የሦስት ዓመት ሥራ፣ ለአንድ በያጅ ብቻ ክፍት ቦታ አለ። እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት ካልፈረመች ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል። «አባዬ፣ ምን ትላለህ?» አለችው።

አባት ምን ይላል? ልጁ ከውሃ በላይ በገመድ ተንጠልጥላ ታየችው፤ ደሙ ፈላ። «እንደፈለግሽ» ብሎ ላከላት። ንዴቱ ስላልወጣለት ጥቂት እዚያው ኮምፒውተሩን ሲነካካ ቆየና ዘግቶት ሄደ።

እንደፈለግሽ! ይህን ቃል ከተቆጣ አባት የሰማ ልጅ ትርጉሙን ያውቀዋል። መዝገበ ቃላት ቢጠየቅ «ነፃ ነሽ» ይላል። የአባት ፍቺ ግን «ሞክሪውና እንተያያለን» ነው። በእነሱ ቤት ይህ ቃል ወጥቶበት የተደረገ ነገር የለም፤ የትምህርት ቤት ሽርሽሩም፣ ብስክሌቱም በዚሁ ቃል ቀርተዋል።

ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ነው ያደረገው ነገር የገባው። ልጁ በሰባት ዓመቷ የተሰበረ ወንበሩን በሽቦ ጠፍራ ስትጠግን፣ «እንዲህ ነው እንጂ!» ያላት ማን ነበር? እሱ ራሱ! ታዲያ ዛሬ ለዚያችው ልጅ ጋሬጣ የሚሆነው ምን ቆርጦት ነው? ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል። ስልኩ ባለፈው ወር ሙጫ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ስለሞተ፣ «ሂጂ ልጄ» የሚለውን የሚልክበት ያለው የቢሮው ኮምፒውተር ብቻ ነው። እየሮጠ መጣ። ኮምፒውተሩ ግን አልገናኝም አለ።

ያልሞከረው የለም። ኢንተርኔቱ እንደሆነ አለ፤ ዜናው ይከፈታል፣ የአየሩ ሁኔታ ይነበባል። ገመዱን ነቅሎ ሰካ። መላላኪያውን አጥፍቶ እንደገና ጫነ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ ሥራ አስኪያጁ «ቫይረስ አይደፍረውም» ብሎ ያስጫነው። አራሚው ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ከአንድ የኢንተርኔት መድረክ የገለበጣቸውን ትእዛዞች አንድ በአንድ ጻፈ። እዚያ መድረክ ላይ አንዱ በትክክል የእሱን ችግር ጠይቋል፤ ሌላው ደግሞ «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ መልሶለት ጉዳዩ ተዘግቷል። እኔ ጋ ይሠራል! እሱን ማን ጠየቀው?

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ትከሻውን ነካ አደረገና ወረቀት ላይ፣ «አጥፍተህ አብራው» ብሎ ጻፈለት።

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ! አምስት ጊዜ! አሁን የቀረኝ በመስኮት መወርወር ነው!»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ይዞ ቀስ ብሎ ወጣ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ጠራዧ መጣች። መጽሐፍ የምትጠርዝ፣ እጇ ሁልጊዜ ሙጫ የማይለየው ሴት ናት፤ ከአራሚው ጋር የምታወራው በቁርጥራጭ ወረቀት እየጻፈች ነው። ነገሩን ነገራት። «ጋሼ፣ በእኔ ስልክ ልደውልላትና ልንገርልዎ?» ብላ ጻፈች።

«አይሆንም! እኔ በገዛ እጄ የጻፍኩትን ነገር በሰው ስልክና በሰው አፍ አላስመልስም። ልጄ ናት!»

«ስድስት ሰዓት እየደረሰ ነው እኮ።»

«አልኩ አይደል አንቺ ሴትዮ!»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። ልጁ በእሱ ቃል የተነሳ ሥራዋን ልታጣ አንድ ሰዓት ቀርቷት፣ እሱ ክብሩን ይጠብቃል። ጠራዧም ተናዳ ሄደች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ግን ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ የኮምፒውተሩን ስክሪን አየች፤ እንደገና ግድግዳውን አየች። ከዚያ ጻፈች፦ «ጋሼ፣ ዛሬ እነዚህን ሁለቱን ማን አስታረቃቸው?»

ቀና ብሎ አየ። የግድግዳው አምስት ተኩል ይላል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውም አምስት ተኩል ይላል። ሁለቱ ሰዓቶች ከተተዋወቁ ጀምሮ ተስማምተው አያውቁም፤ እኛ አምስት ተኩል ስንል ኮምፒውተሩ አሥራ አንድ ተኩል ማለት ነበረበት።

አራሚው ጆሮ ግንዱ ድረስ ቀላ። ትናንት «እንደፈለግሽ» ብሎ ከላከ በኋላ እጁ የሚያርመው ነገር ሲፈልግ ያገኘው ያንን ሰዓት ነበር። ለዓመታት ሲያበሽቀው ኖሯል፤ ሰው አሥራ አንድ ሰዓት እያለ አሥራ ሰባት የሚል ሰዓት! አረመው። ሰዓቱ ተመልሶ ወደ ነበረበት ሄደበት። እሱም እልህ ይዞት «ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይውሰድ» የሚለውን አጠፋና በራሱ ልክ ቆለፈው። መላላኪያው ደግሞ ከሩቅ ካለው ማሽን ጋር በሰዓት ነው የሚተዋወቀው፤ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ የመጣ ሰው ሲያንኳኳ በር አይከፈትለትም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

«እኔ ነኝ፤ እኔው ነኝ ያበላሸሁት!» ብሎ ጮኸ። ጠራዧ ሳቋን በሙጫማ እጇ አፈነችው።

ያጠፋውን መልሶ አበራ። የይለፍ ቃሉን ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው ገባለት። የስክሪኑ ሰዓት ከአምስት አርባ ወደ አሥራ አንድ አርባ ዘለለ፤ ክቧ መሽከርከር አቆመች። ገና ሃያ ደቂቃ አለው። «ሂጂ» ብሎ ጀመረና እጁ ቆመ። ድምፅ የሌለው «ሂጂ» እንደ «ውጪልኝ» ይነበባል። አጠፋው። እንዴት እንደሚጀምር ሲያስብ የልጅቷ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአምስት፦ «አባዬ፣ እንደፈለግሽ ብለኸኛል። እንደፈለግሁ አደረግሁ። ፈረምኩ።»

ሦስት ሰዓት ከሩብ፦ «ከተቆጣህ ተቆጣ። ግን ዝም አትበለኝ።»

አምስት ሰዓት፦ «አባዬ?»

መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነው። ታዲያ ጠዋቱን ሙሉ ለማን ሲቃጠል ኖሯል? ቃሉን ትፈራለች ብሎ ሲርበተበት፣ እሷ ቃሉን እንደ ወረደ አንብባ፣ ነጥብ ሳትጨምር ፈርማለች። ከዚያ «አባዬ?» የምትለዋን ደግሞ አነበባት። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ጻፈ።

«ዝም ብዬሽ አይደለም። እንኳን ፈረምሽ። ሰዓቱ ተሳስቶ ነው።»

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «የተሳሳተው ሰዓቱ ነው?»

ጠራዧ ከጀርባው ቆማ ታነባለች፤ አላባረራትም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሺህ ሰው ስህተት በቀይ አስምሮበታል፤ የራሱን ግን አንድም ቀን በጽሑፍ አስፍሮ አያውቅም።

«ሰዓቱም» ብሎ ጻፈ። እርማት የሚሻ ነገር አላየበትም፤ ላከው።