የግራው የልብ በር

ለተማሪዎቼ ልብን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ አራት ክፍል ያለው ቤት እስላለሁ፤ ሁለቱ ላይ፣ ሁለቱ ታች። ቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል፤ ግራው ከሳንባ የመጣውን ለመላው ሰውነት ይረጫል። በየመሐሉ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ በሮች አሉ። ይህን ሁሉ የማውቅ ሴትዮ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ ቆሜ ማረፍ ጀመርኩ። የድሬ ሙቀት ነው ብዬ ተውኩት።

ልጅ እንፈልግ ነበርና ከማርገዜ በፊት ልመርመር ብዬ ሄድኩ። ሐኪሙ አልትራሳውንዱን ደረቴ ላይ አድርጎ ስክሪኑን አዞረልኝ። በግራ በኩል የላዩንና የታቹን ክፍል የሚያገናኘው በር ጠብቧል፤ ደሙ ማለፊያ አጥቶ ወደ ሳንባዬ ይመለሳል። እርግዝና ደግሞ የልብን ሥራ ስለሚያበዛ፣ በሩ ሳይታከም ማርገዝ ለሕይወቴ ያሰጋል አለኝ። ቀጥሎ በልጅነቴ በየወሩ መርፌ እወጋ እንደነበር ጠየቀኝ።

እወጋ ነበር። እናቴ በባጃጅ ትወስደኝና ስንመለስ ከቀፊራ ገበያ ማንጎ ትገዛልኝ ነበር። ለቁርጥማት ነው ትለኝ ስለነበር፣ ጉልበቴን ሲሻለኝ መርፌውን ተውኩት። ለካስ ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ልብን የሚጎዳው በሽታ እንዳያገረሽብኝ ነበር።

ባሌን ይዤ በቀጥታ እናቴ ቤት ሄድኩ። አልካደችም። በኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለታማሚው አይነገርም፤ የያኔው ሐኪም ለእሷ፣ እሷ ለአክስቶቼ፣ አክስቶቼ ለጎረቤት። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር እኔ ደረት ውስጥ ተቀምጦ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ብነግርሽ በፍርሃት ታልቂብኝ ነበር፣ ልጄ» አለችኝ።

«ስላልነገርሽኝ እኮ ነው መርፌውን ያቋረጥኩት» አልኳት።

ባሌ ስለ እኔ እንዲቆጣልኝ ዞሬ አየሁት። አቀርቅሯል። ከሰርጋችን በፊት እናቴ ጠርታ ነግራው፣ ለእኔ እንዳያወራ አስምላው ኖሯል።

«አቦ፣ እኔ እኮ ከነሕመምሽ ነው የወደድኩሽ» አለኝ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው።

ማታ ማታ ጎን ለጎን ጋደም ብለን ለልጃችን ስም ስንመርጥ፣ ያውቅ ነበር።